የመርዶ ነጋሪው ከዘራ

በአንድ ወቅት፣ ከአባይ ወዲህ ባለች አንዲት ቀበሌ፣ ጋሽ እንዳላማው የሚባሉ መርዶ ነጋሪ ነበሩ። ሰው ርቆ ሄዶ ሲሞት፣ ጎረቤት ሰብስበው፣ ከዘራቸውን ይዘው የባለኀዘኑን በር የሚያንኳኩት እሳቸው ናቸው። ሕጋቸው አንድ ነበር፦ መርዶ አይዋሽም፣ ከጎህ አያልፍም። እንግዲህ እኚህን ሰው ነው የገዛ ልጆቻቸው ያታለሏቸው። ይህን ባወራሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ በማን ላይ እንደሚፈላ ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ነገሩ የጀመረው ጆሯቸው ሥር በወጣች እብጠት ነው። ባቄላ ታክላለች፤ አታምም። "በስተርጅና ጆሮ ደግፍ መጣብኝ" ብለው ሳቁባት። ዓመት አልፎ አንገታቸው ላይ ሌሎች ተከተሉ። "ንፍፊት ነው፤ ጥርሴ ያመጣው ነው፣ ይሄዳል" አሉ። "ክፉው በሽታ ቢሆንም ቢላ አይነካኝም። በሙሉ አካሌ መጥቻለሁ፣ በሙሉ አካሌ እሄዳለሁ።" ይህችን ቃል ያዙልኝ።

ልጃቸው ባንቺአምላክ ራሳቸውን ስትላጫቸው እጇ አንገታቸው ላይ ቆመ። ንፍፊት ሲነኩት ያማል፣ ቁስሉ ሲድን ይሟሽሻል። ይኼ ግን እንደ ጠጠር ደርቋል።

"አባ፣ አያምህም?"

"አያመኝም አልኩሽ።"

"እሱ ነው ያስፈራኝ።"

በማግስቱ "ዓይንህን ላስመርምርህ" ብላ አውቶቡስ ላይ ጫነቻቸው። ሐኪሙ ዓይናቸውን ትቶ አንገታቸውን ሲዳብስ ነው መታለላቸው የገባቸው።

ከዚያ የታላቁ ልጅ የገደፋው ተራ ደረሰ። ሐኪሙ ለብቻው ጠራው። "የምራቅ ዕጢ ካንሰር ነው። እዚያው ጆሮው ሥር ቢቀር ኖሮ ተስፋው ሰፊ ነበር፤ አሁን ንፍፊቱ ውስጥ ገብቷል። ዕጢውን አውጥተን አንገቱንም ካላጸዳን ብዙ አይቆይም። ለራሱ ንገሩት።" ገደፋው "እንነግረዋለን" አለ፤ አልነገረም። ቢሰሙ ቢላውን እምቢ እንደሚሉ ያውቃላ። እህትና ወንድሙን እንዳይናገሩ አስማለ፣ ለአባቱ "ተራ ዕጢ ነው፣ በቀላሉ ይወጣል" አለ፣ ለቀዶ ሕክምናው ፈረመ። በሽታው የፊታቸውን ነርቭ ይዞት ኖሮ አብሮ ተቆረጠ። ሲነቁ ግራ ፊታቸው ወድቋል፣ ከንፈራቸው ተንጋዷል፣ ቃላቸው ይኮላተፋል። መርዶ ነጋሪው አፋቸውን አጡ።

"ቀላል ያልከኝ ይኼ ነው?"

"በሕይወት አለህ፣ አባ" አለ ገደፋው። ዓይኑን እንኳ አልሰበረም።

ሐኪሙ ደግሞ ጨረር ያስፈልጋል አለ። ጋሽ እንዳላማው እምቢ አሉ። "ወጣልህ አላላችሁኝም? ለወጣ ዕጢ ጨረር ምን ይሠራል?" ብለው ቤታቸው ገቡ፤ ለከርሞ ስለሚያድሱት የጣራቸው ክዳን ማውራት ጀመሩ። እዩት እንግዲህ፣ ያዳናቸው ውሸት ዞሮ ሊገድላቸው ነው። ባንቺአምላክ አለቀሰች፤ ገደፋው "መሐላችን" አለ። ስማቸው የተባለው የመጨረሻው ልጅ ግን መሐላውን አፈረሰ። ጎህ ሲቀድ ጎረቤት ሰብስቦ የአባቱን በር አንኳኳ። አባት ከፍተው ነጠላውን ያዘቀዘቀ ሰው አዩ።

"ማን ሞተብኝ?"

"ማንም አልሞተብህም። መርዶው ያንተ ነው፣ አባ። ካንሰር ነው፣ ወደ አንገትህ ወርዶ ነበር፣ ጨረሩን ካልወሰድክ ይመለሳል። መርዶ አይዋሽም ያልከው አንተ ነህ።"

ጋሽ እንዳላማው ከዘራቸውን አንስተው ትከሻውን አቀመሱት። ያንገበገባቸው በሽታው አልነበረም። ስለ ክዳኑ ሲያወሩ ልጆቻቸው ሁሉ እንደ ሟች ሲያዩዋቸው መክረማቸው ነው፤ አሁን ደግሞ በአገር ፊት፣ በቁማቸው የራሳቸውን መርዶ መረዳታቸው። በሳምንቱ ልጁን ሳያናግሩ ጨረር ወዳለበት ከተማ ተሳፈሩ።

ይኸው ሦስት ዓመት አለፋቸው። ሐኪሙ ድኗል ለማለት ገና ዓመታት እንቁጠር ይላል፣ እሳቸው ግን አሉ። ንዴታቸውም አለ። በበዓል እንኳ ከሦስቱ አንዱን መርቀው አያውቁም። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል" ይላሉ በተንጋደደ አፋቸው። "የኔን በሽታ ከኔ የደበቁትንስ ምን እንበላቸው?" ታናሹን ልጅ ስማቸውን ሲያዩ ደግሞ "ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ" ይላሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት ወሬ መጣ። የጎረቤታቸው የወይዘሮ አንጓች አንድያ ልጅ ሰው አገር ሞቷል። እናት አልሰማችም፤ ልቧም በሽተኛ ነው። ጋሽ እንዳላማው እንደ ድሮው መናገር አይችሉም፤ ከዘራውን ለአንዱ ልጃቸው ማውረስ ግድ ሆነ። የቀበሌው ሽማግሌዎች ባንቺአምላክን እያዩ "ሴት መርዶ ስትነግር አይተን አናውቅም" ብለው ጀመሩ። "የሷ እጅ ባይኖር የኔን መርዶ ነበር የምትናገሩት፤ ዝም በሉ" አሏቸው ጋሽ እንዳላማው።

ሦስቱ ልጆች ፊታቸው ቆሙ።

"አንቺ አታላይ፣ አንተ ውሸታም፣ አንተ አዋራጅ። ከሦስታችሁ አንዳችሁ ባትኖሩ ሞቼ ነበር። እሱ ነው ይቅር እንዳልላችሁ ያደረገኝ። በሉ፣ ለአንጓች ምን ታደርጋላችሁ?"

"ልቧ እስኪጠና አትስማ" አለ ገደፋው።

"ነገ ጎህ ሲቀድ ትስማ" አለ ስማቸው።

ባንቺአምላክ ነጠላዋን እያነሳች "ዛሬ አብሯት የሚያድር ማን አለ?" አለች።

ጋሽ እንዳላማው ከዘራውን ዘረጉ፣ መልሰው ያዙት። እስካሁንም እንደያዙት ናቸው። በሉ ሰሚዎች፣ እናንተ ፍረዱ፤ ግን በሰው ቤት እንዳትፈርዱ። የሚንኳኳው በር የናንተ ይሁን፣ መርዶውም የናንተ ይሁን። ከዘራው ለማን ይገባል?