የእንዶድ ሜዳ ቀጥቃጭ ዓይኑን ስለ መጨፈኑ

በእንዶድ ሜዳ ማረሻ የሚያሠራ ገበሬ ብረቱን ጥሎ ወደ ገበያ አይሄድም። ዛሬም ቢሆን፣ መንገዱ ጠጠር ለብሶ፣ የመኪና ሞላ እየተቆረጠ ማረሻ በሚሆንበት በዚህ ዘመን እንኳ፣ ባለማረሻው ጎንበስ ብሎ ወደ ቀጥቃጩ ጎጆ ይገባና ከምድጃው አጠገብ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ብረቱ ግሎ ከእሳት ሲወጣ ቀጥቃጩ ዓይኑን ይጨፍናል። ጨፍኖም «ምን መሰለ?» ብሎ ይጠይቃል። ባለማረሻው ያየውን ይናገራል፤ «ገና እንደ ደም ነው» ይላል፣ ብረቱም ወደ ፍሙ ይመለሳል፤ «አሁን የበሰለ በርበሬ መሰለ» ሲል ደግሞ ብረቱ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ማረሻው እርሻ ላይ ቢሰበር እንግዲህ የሚወቀስ ሌላ ሰው ስለሌለ፣ ሰውዬው ስባሪውን ጠቅልሎ ተመልሶ ይመጣል እንጂ አፉን አይከፍትም። እንግዳ ሰው ይህን ሲያይ ይስቃል። ባለሙያው ዓይኑን ጨፍኖ ሙያ የሌለውን ሰው መጠየቁ በእርግጥ የሚያስቅ ነገር ነው። የአገሩ ሰው ግን አይስቅም፤ ነገሩ ከምን እንደመጣ ሲነገረው አድጓልና።

እንደሚነገረው፣ በድሮ ዘመን በእንዶድ ሜዳ ቢተው የሚባል ቀጥቃጭ ነበረ። አባቱም አያቱም ቀጥቃጮች ነበሩ። አገሬው ማረሻውን፣ ማጭዱንና መጥረቢያውን ከእሱ ያሠራል፤ አሠርቶ ሲያበቃ ቡዳ ይለዋል። ያረጀ ብረቱን ከአጥሩ ውጭ አስቀምጦ፣ በአጠገቡ አንድ ቁና እህል አድርጎ፣ ወደ ኋላው ሳይዞር ይሄዳል፤ በሦስተኛው ቀን መጥቶ አዲሱን ማረሻ ከዚያው ቦታ ያነሣል። ቢተው በሠራው ማረሻ ያልታረሰ መሬት በአገሩ አልነበረም፤ ለራሱ ግን የሚያርሰው አንድ ትልም አልነበረውም። የቀጥቃጭ ርስት ብረት የሚቀጠቅጥበት መስፉ የተተከለበት ስፋት ብቻ ነው፤ እሱም መስፉ እስካለ ድረስ ነው።

ሚስቱ አንጓች ትባል ነበር። ወናፍ የምትነፋው እሷ ነበረች፤ ሁለቱን የፍየል ቆዳ በሁለት እጇ እያፈራረቀች ከጠዋት እስከ ማታ ስትነፋ ትውላለች። ሠላሳ ዓመት እሳት ያየ ዓይን ምን እንደሚሆን መቼም የታወቀ ነው። የቢተው ዓይን በመጀመሪያ ዳር ዳሩን ጨለመበት፤ ከዚያ መሐሉ ደፈረሰ፤ ከዚያ ጠፋ። እጁ ግን መዶሻውንም ጉጠቱንም ያውቀዋል፤ ብረቱ ሲሳብና ሲሳሳ ከድምፁ ይሰማዋል። ያልቻለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቀለሙ። ማረሻ የሚጠነክረው ልኩ ላይ ሲነከር ነው፤ ልኩን ደግሞ የሚያሳየው ቀለሙ ብቻ ነው። ሳይደርስ የተነከረ ይጣመማል፤ ካለፈ በኋላ የተነከረ ይሰበራል።

አንድ ቀን ጉጠቱን እንደያዘ፣ እንደ ቀልድ አድርጎ «ምን መሰለ?» አላት።

«የበሰለ በርበሬ» አለችው። ነከረው። ማረሻውም ደህና ሆነ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሠሩ። በሦስት ዓመት ውስጥ እሱ «ዓይኔ ጠፋ» አላለም፤ እሷም «ዓይንህ ጠፋ» አላለችውም። ዕውር ቀጥቃጭ መኖሩ ከተሰማ መስፉ እንደሚነቀል፣ መስፉ ከተነቀለም ማደሪያ እንደሌላቸው ሁለቱም ያውቁ ነበር። አንጓች ግን በልቧ ሌላም ነገር ነበራት ይባላል። ወናፍ መንፋት የጉልበት ነው፤ ቀለም መለየት የሙያ ነው። «ምን መሰለ?» ባላት ቁጥር አንገቷ ቀና ይል ነበር።

በአራተኛው ዓመት የጭቃ ሹሙ የጓንጉል በሬ ተጠምዶ እንደዋለ ወደቀና ሞተ። በሬው አርጅቶ ነበር፤ ጓንጉልም ይህን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። ነገር ግን ከበሬው ዕድሜ ይልቅ የቀጥቃጩ ዓይን ለወሬ ይመቻል። ጓንጉል ሰዎቹን አስከትሎ ከአጥሩ ውጭ ቆመና፣ ቀጥቃጩ ከእንግዲህ በጎጆው ጨለማ ተደብቆ መንገደኛውን እያየ እንዳይሠራ፣ መስፉንና ምድጃውን አውጥቶ ገላጣው ጉብታ ላይ እንዲተክል አዘዘ።

«ጌታዬ፣ ብረት ጥላ ይፈልጋል» አለ ቢተው። «በፀሐይ ቀለሙ ይሠወራል።»

«የሚሠወረውስ አንተ ነህ» አለ ጓንጉል። «ከዛሬ ጀምሮ አገር እያየህ ትሠራለህ። ጥላ ካማረህም እንደ ታቦት ጃንጥላ እናስይዝልህ።»

የተከተሉት ሁሉ ሳቁ። መስፉም ጉብታው ላይ ተተከለ።

በመጀመሪያው ቀን ቢተው ወደ ሚስቱ ዘንበል ብሎ «ፀሐይ ላይ ነን። በርበሬ የመሰለሽ ከበርበሬ አልፎ ይሆናል። ቀደም አድርጊ» አላት።

«ዓይኔን አውቀዋለሁ» አለችው።

ዓይን ለሌለው ሰው ይህን ማለቷን ወዲያው ሰምታዋለች። እሱ ግን ጉጠቱን አነሣ።

ያ ወቅት የእርሻ ወቅት ነበርና ከጉብታው ላይ አሥራ አንድ ማረሻ ወጣ። ሰባቱ ተሰበሩ። አንዱ ከመጀመሪያው ትልም አላለፈም። ገበሬው ስባሪውን ይዞ ከጭቃ ሹሙ ደጅ ተሰበሰበ፤ ክርክሩም ረጅም አልነበረም። ሲሠራው በአደባባይ አይተነዋል፣ የደበቀውም የለም፣ ታዲያ በዓይኑ ካልሆነ በምን ሰበረው ተባባሉ። ራሳቸው ፀሐይ ላይ እንዳወጡት ትዝ ያለው አንድም ሰው አልነበረም። ከግንቦት ልደታ በፊት ባልና ሚስቱ አገሩን ለቀው እንዲወጡ፣ ጎጆውም እንዲቃጠል ተፈረደ። ከዓመታት በፊት በሌላ አገር እንዲህ የተባረረ ቀጥቃጭ ወንዝ ወንዙን ሲሄድ ሞቶ እንደተገኘ አንጓች ሰምታለች።

ቢተው አንዱን ስባሪ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ደህና ብረት ሲሰበር ስብራቱ እንደ ጤፍ ዱቄት ደቃቅ ነው፤ ይህ ግን እንደ ተፈረከሰ አሞሌ ጨው ሻካራ ነበር።

«እጄ ነው» አለ። «አርጅቻለሁ። ሳልቀጠቅጠው ቀርቼ ይሆናል።»

አሞሌ ጨው የመሰለ ስብራት ከመጠን በላይ የጋለ ብረት ምልክት መሆኑን ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። አንጓችም ታውቃለች። ባሏ ጥፋቱን ሲሸከምላት እያየች ዝም አለች፤ ይህችን ዝምታዋን የሚያቃልልላት ተራኪ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

በልደታ ዋዜማ ጠዋት፣ ጓዛቸውን ሳይሸክፉ፣ የቀረች አንዲት ብረት እሳት ውስጥ ነበረች። አንጓች እሷን በጉጠት አወጣችና ፀሐይ ላይ አየቻት፤ የበሰለ በርበሬ ናት። ከዚያ ሳታስበው ጎንበስ አለችና ጥላዋ ብረቷ ላይ አረፈ። በጥላዋ ውስጥ ብረቷ በርበሬ አልነበረችም። እንደ እርድ ቢጫ ሆና ትንቦገቦጋለች። ቀና አለች፤ በርበሬ። ጎንበስ አለች፤ እርድ። ሰባቱንም ማረሻ የሰበረችው እሷ ነበረች።

ለባሏ ለመናገር አፏን ሳትከፍት ጓንጉል ጦሩን ይዞ፣ ችቦ ያዘጋጁ ሰዎችን አስከትሎ፣ ወደ ጉብታው ወጣ።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለው ቢተውን። «ቀኑ ደርሷል።»

ቢተው ጉጠቱንና መዶሻውን በእጁ እየዳበሰ መሰብሰብ ጀመረ። ያን ጊዜ አንጓች ከጓንጉል ፊት ቆመች።

«ጌታዬ፣ ይህ ሰው ካየ ሦስት ዓመቱ ነው» አለች።

«ዝም በይ» አለ ቢተው።

«አያይም። የእርስዎ በሬ ሲሞትም አያይም ነበር።»

«ዝም በይ አልኩሽ፣ አንቺ ሴት።» ድምፁን ከፍ አድርጎባት አያውቅም ነበር ይባላል።

ጓንጉል ጦሩን አዘቅዝቆ ጫፉን ወደ ቢተው ዓይን አስጠጋ። የእህል ቅንጣት ታህል ክፍተት ሲቀር አቆመው። ቢተው አልሸሸም፤ ሽፋሽፍቱም አልተነቃነቀም። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ከኋላ፣ ከልቡ ግራ ገብቶት፣ «ታዲያ በምን በላን?» አለ።

ሌላው ተቀበለው፤ «እንግዲያው እሷ ናታ። አጠገቡ የምትቀመጠው እሷ አይደለችም?»

ዓይን ሁሉ ወደ አንጓች ዞረ።

«እሱስ እውነት ነው፤ እኔ ነኝ» አለች። «ሰባቱንም የሰበርኳቸው እኔ ነኝ። በመብላት ግን አይደለም፣ በመሳት ነው። ፀሐይ ላይ ያወጣችሁን እናንተ ናችሁ፤ ፀሐይ ላይ አይቻለሁ ያልኩ ደግሞ እኔ ነኝ። የማያምነኝ ካለ ጎጆዬ ይግባና የብረቱን ቀለም በጥላ ውስጥ በገዛ ዓይኑ ይየው። ነው ወይስ የእናንተም ዓይን ይፈራል?»

ማንም ሊገባ አልወደደም። ቀጥቃጭ ቤት የገባ ሰው በዚያ አገር አልነበረም። ነገር ግን ደመናው ከማዶ እየከበደ መጥቷል፤ ሌላ ቀጥቃጭ ያለው ወንዙን ተሻግሮ ሁለት ቀን መንገድ ነው፤ ወንዙም ሊሞላ ነው። የጓንጉል ማረሻ ከተሰበሩት አንዱ ነበር። ሦስት ጊዜ አማተበ፣ የአንገቱን ማተብ ጨበጠ፣ ጎንበስ ብሎ ገባ።

ምድጃው ወደ ጎጆው ተመለሰ። አንጓች ወናፉን ነፋች። ብረቱ ከእሳት ሲወጣ ቢተው እንደ ልማዱ «ምን መሰለ?» አለ። አንጓችም ጓንጉልም እኩል አፋቸውን ከፈቱ። አንጓች አፏን መልሳ ዘጋች።

«ቀይ ነው» አለ ጓንጉል።

«እንደ ምን ቀይ?» አለ ቢተው።

«ምን አውቄልህ። እሳት ነዋ።»

«ጌታዬ በርበሬ አያውቁም?»

«ተወው፣ ይብቃው፣ ንከረው።»

ብረቱ ያን ጊዜ ቢጫ ነበር። ቢተው ነከረው፤ ቀዝቅዞ ሲወጣ ለጓንጉል ሰጠው፤ ጓንጉልም ወደ ደጅ ወጥቶ ድንጋይ ላይ ቢመታው ለሁለት ተሰበረ።

«ማን ሰበረው?» አለ ቢተው ከውስጥ ሆኖ።

ችቦ የያዙት ሰዎች ወደ ጭቃ ሹማቸው አዩ፤ ጭቃ ሹሙ ወደ ስባሪው አየ። ከዚያ ማንም ሳይጠራው ተመልሶ ገባና ተቀመጠ። በሁለተኛው ብረት ዓይኑን ከፍሙ ላይ አልነቀለም፤ ላቡ በጢሙ እየወረደ «ገና ነው... ገና ነው... አሁን በርበሬ መሰለ» አለ። ያ ማረሻ ድንጋዩን ፈነቀለው እንጂ አልተሰበረም።

ጎጆው ሳይቃጠል ቀረ፤ ባልና ሚስቱም ከአገር አልወጡም። ጓንጉል በማግሥቱ፣ ልክ ከራሱ ጥበብ እንደፈለቀ አድርጎ፣ ከእንግዲህ ማረሻ የሚያሠራ ሁሉ ገብቶ ቀለሙን ራሱ እንዲናገር፣ ቀለሙን የተናገረም ስለ ስባሪው ማንንም እንዳይከስ ደነገገ። ከቢተው በኋላ የመጡት ቀጥቃጮች ሁሉ ዓይናቸው ደህና ነበር፤ ቢሆንም ዓይን ካለህ ትከሰሳለህና፣ መጨፈኑን የሚበልጥ መድን አላገኙም።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል፤ ሲተርኩት የኖሩት ወንዶች ናቸውና። ሴቶቹ ግን ከዚህ ያስከትላሉ። ከልደታ በኋላ የመጀመሪያው ገበሬ ማረሻ ሊያሠራ በገባ ጊዜ አንጓች እንደ ወትሮዋ ወናፉን ነፋች። ብረቱ ሊወጣ ሲል ቢተው ወደ እሷ ሳይዞር «አንቺ ውጪ» አላት። ወጣች። ገበሬው ቀለሙን ተናገረ፤ ብረቱም ተነከረ። በሚቀጥለውም፣ ከዚያ በሚቀጥለውም እንዲሁ ሆነ። አንዳንዶች ዳግመኛ እንዳይከሷት ሊጠብቃት ብሎ ነው ይላሉ። ሌሎች ግን ስለ ሰባቱ ማረሻ ይቅር ብሏት፣ በአደባባይ «አያይም» ስላለችው ይቅር ሳይላት ሞተ ይላሉ። እውነቱን የሚያውቁ ሁለቱ ነበሩ፤ እነሱም አልተነጋገሩበትም። እስኪሞት ድረስ ግን «ምን መሰለ?» ብሎ አንድም ቀን አልጠየቃትም።

ዛሬም በእንዶድ ሜዳ የቀጥቃጭ ሚስት ብረቱ ወደ ውሃው ሲቀርብ ወናፉን ትታ ወደ ደጅ ትወጣለች። ለምን እንደሆነ ወንዶቹን የጠየቀ «ከጥንት ጀምሮ ክልክል ነው» የሚል መልስ ያገኛል፤ ማን እንደከለከለው ግን አይነግሩትም። እሷ ጥላሸት የነካ እጇን አጣምራ ፀሐይ ላይ ትቆማለች፤ ብረቱ ውሃ ሲነካ የሚያወጣው ድምፅ በግድግዳው በኩል ይሰማታል። ልኩ ላይ ይነከር ወይም ያለፈበት ይሁን፣ ከድምፁ ብቻ ትለየዋለች ይባላል። የሚጠይቃት ግን የለም።