ስንዱን ማን ያልብሳት

በአንድ ወቅት፣ ያውም ሩቅ ባልሆነ ወቅት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ በሚቆምባት አንዲት ከተማ ወይዘሮ አንጓች የሚባሉ ሴት ነበሩ። አራት ልጆች አሳድገዋል። ትልቁ ደረሰ አናጢ ነው፤ ተከታይዋ እናኑ አስተማሪ ናት፤ ሦስተኛዋ ስንዱ ችግኝ ጣቢያ ትሠራለች፤ ትንሹ ቢያድግልኝ ጫኝና አውራጅ ነው። የምነግራችሁ ስለ ስንዱ ልብስ ነው። ቀላል ነገር መስሏችሁ እንዳትስቁ፤ ይህን ታሪክ ባወራሁበት ቤት ሁሉ ሰው ሳይጨቃጨቅ ተለያይቶ አያውቅም።

ስንዱ ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሐኪሙ ኦቲዝም ነው ብሏል፤ ጎረቤቱ ግን የሐኪም ቃል መች ይበቃዋልና ሌላ ሌላ ስም አወጣላት። የአቮካዶ ችግኝ በማዳቀል የሚስተካከላት አልነበረም። ሌላው ሰው ካዳቀለው ግማሹ ይደርቃል፤ የእሷ ግን ሁሉም ይይዛል። ዝናብ አትፈራ፣ ጨለማ አትፈራ፣ እባብ እንኳ በዱላ አንስታ ከአጥር ውጭ ትጥላለች። የምትፈራው የልብስ ሱቅ ነው። ልብስ መግዛት እንዳለባት ከሰማች እንቅልፍ የሚነሳት ከሳምንት በፊት ጀምሮ ነው።

የከተማዋን የልብስ ተራ የሚያውቅ ያውቀዋል። በየበሩ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሎ «ቅናሽ! ቅናሽ!» ይላል። ሻጮቹ ክንድ ይዘው «ግቢ እህቴ፣ ላንቺ የሚሆን አለ» እያሉ ይጎትታሉ። ከጣሪያ የተንጠለጠለው ቀሚስ ፊት ይዳስሳል፤ ናፍታሊኑ ጉሮሮ ይይዛል። እኛ ተከራክረን፣ ስቀን፣ ገዝተን እንወጣለን። ቢያድግልኝ አንድ ቀን ምኑ እንደሚያስፈራት ቢጠይቃት እንዲህ አለችው፤

«ሰው ሲያዋራህ ሌላውን ድምፅ ትተወዋለህ። እኔ መተው አልችልም። ያንተ ድምፅ፣ የማዶው ጩኸት፣ የፌስታሉ መንኮሻኮሽ፣ ሁሉም እኩል ይመጣብኛል። ከዚያ ደግሞ ይነኩኛል።»

ልብሱም ራሱ ጠላቷ ነበር። አዲስ ጨርቅ ሲነካት ቆዳዋ ይቆጣል፤ አንገትጌው ላይ የምትሰፋው ማርካ እንደ እሾህ ትወጋታለች። ስለዚህ እናቷ መላ አበጅተው ነበር። ቁመታቸውም ውፍረታቸውም ከስንዱ ጋር አንድ ስለሆነ ቀሚሱን እሳቸው ይገዛሉ፣ ማርካውን በምላጭ ያነሳሉ፣ ጨርቁ ለስልሶ እስኪላላ ድረስ ራሳቸው ይለብሱታል፤ ከዚያ ለስንዱ ያወርሷታል። ልጅቷ በዕድሜዋ ሙሉ አዲስ ልብስ ለብሳ አታውቅም።

ወይዘሮ አንጓች በኅዳር ታመው አልጋ ያዙ። የነፍስ አባታቸውንና ጎረቤት አስጠርተው እንዲህ ተናዘዙ፤ «ቤቱ ለስንዱና አብሯት ለሚኖረው ይሁን። አብሯት የሚኖረው የምትለብሰውን ልብስ የሚያገኝላት ነው። ምግብ ማንም ያበላታል። በሙት ዓመቴ ፍረዱ።» በሦስተኛው ቀን አረፉ። ስንዱ በቀብሩ ላይ ጥቁር አልለበሰችም፤ የቀራትን አንድ ቡናማ ቀሚስ ለብሳ ቆመች። ያሟት ብዙዎች ናቸው፤ ከሐሜተኞቹ አንዱ እኔ ነበርኩ።

ሦስቱም ቤት አልነበራቸውም። ደረሰ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር በአንድ ክፍል ኪራይ ነው። እናኑ ከአማቷ ጋር ናት፤ ከአማት ጋር መኖር ምን እንደሆነ የኖረ ያውቀዋል። ቢያድግልኝ ከአራት ጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መሬት ላይ ይተኛል። ቤቱን ያልተመኘ አልነበረም፤ ስንዱን ያልወደደም አልነበረም። የትኛው እንደሚበልጥ እኔ አላውቅም፤ እናውቃለን የምትሉም አታውቁም።

መጀመሪያ የተነሳው ደረሰ ነው። «እማዬ እድሜ ልኳን ለበሰችላት፤ ሞተች። ይኸው ምን ቀራት? አንዲት የነተበች ቀሚስ። እኔ የማስተምራት ራሷ ገብታ እንድትገዛ ነው» አለ።

ከገና ማግስት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ይዟት ወጣ። በመጀመሪያው ቅዳሜ እስከ ወፍጮ ቤቱ ደርሰው ተመለሱ። በሁለተኛው እስከ ጫማ ሰፊዎቹ። በአራተኛው የልብስ ተራው አፍ ላይ ስትደርስ የእጇን አንጓ ነክሳ ደም አወጣች። ሰው ከበባቸው፤ አንዷ ሴትዮ ጠበል ውሰዷት ብላ መከረች። ደረሰ ዕንባው እየወረደ «ትንሽ ቁሚ፣ ትንሽ ብቻ» ይላት ነበር። አልጎተታትም፤ ግን ወደ ቤት ልመለስ ስትለውም እሺ አላለም። በዘጠነኛው ቅዳሜ ጆሮዋን በጥጥ ደፍና፣ ዓይኗን ጨፍና ገባች። የቀሚሱን ጠርዝ በጣቷ እየዳሰሰች ተራ በተራ አለፈች። ሻጯ ክንዷን ይዛ ስታዞራት አልጮኸችም። አንድ አረንጓዴ ቀሚስ መረጠች፣ ራሷ ከፈለች፣ ወጣች። ደረሰ መንገድ መሃል እልል ሊል ምንም አልቀረው።

ስንዱ ቤት ገብታ አልጋ ሥር ተኛች። ሃያ አንድ ቀን ቃል አልወጣትም። ችግኝ ጣቢያው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈባት። በሃያ ሁለተኛው ቀን አፏን ስትከፍት ለወንድሟ ያለችው አንድ ቃል ነው፤

«አለቀ?»

«ለዘንድሮ አልቋል» አላት። መዋሸት አይችልበትም።

ቀሚሱን ግን ለበሰችው። በጣቷ የመረጠችው ነውና ተስማማት፤ በግንቦት የችግኝ ጣቢያው ሽቦ ይዞ እስኪተረትረው ድረስ ከላይዋ አልወረደም።

ያኔ እናኑ መጣች። «አንቺ ቤትሽ ተቀመጪ፤ እኔ አለሁልሽ። የሰው ልጅ በስቃይ አይማርም» አለቻት። እናኑም ሰውነቷ ከስንዱ ጋር አንድ ነው። አንድ ቀሚስ ገዛች፣ ማርካውን አነሳች፣ ገልብጣ ስፌቱን ወደ ውጭ አወጣችው፣ እንዲያው ተገልብጦ ለብሳው ትምህርት ቤት ሄደች። አርባ ቀን ሌላ ልብስ አልነካችም። ማታ አጥባ ጠዋት ትለብሰዋለች። ተማሪዎቹ «ቲቸር ግልብጥ» የሚል ስም አወጡላት። ባሏ «ሰው ምን ይለኛል? ሌላ የማላለብስሽ መሰልኩ እኮ!» ብሎ ተቆጣ፤ አማቷ ለዕድሯ ጓደኞች ምራቴ አእምሮዋ ተነክቷል ብላ ተናገረች። እናኑ ግን በማግስቱም ያንኑ ለበሰች። በአርባኛው ቀን ቀሚሱን አመጣች፤ ስንዱ እዚያው በዚያው ለበሰችው። ቆዳዋ አልተቆጣም፣ ስፌቱም አልወጋትም።

እናኑ እህቷን አንድም ቀን አላስለቀሰቻትም። ነገር ግን ስንዱ ከዚያ በኋላ ወፍጮ ቤቱ ጋ እንኳ መድረስ ተወች። መጀመሪያ ዋናውን መንገድ፣ ቀጥሎ ዳቦ ቤቱን፣ ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑን በር ተወች፤ ወደ ሥራ የምትሄደው በወንዙ ዳር ሆነ። በነሐሴ እናኑ በትርፍ አንጀት ታማ ሆስፒታል ገባች፤ ሦስት ሳምንት ተኛች። ስንዱ ያላት ያው አንድ ቀሚስ ነው። ክረምት ስለሆነ አይደርቅም። እርጥቡን እየለበሰች ሥራ ስትሄድ ሰነበተች። ለማንም አልተናገረችም፤ የነገረን ሳሏ ነው።

ሦስተኛው ቢያድግልኝ ነው። እሱ የልብስ ቦንዳ ከሚያራግፍለት ባለሱቅ ጋር ተዋዋለ። «ሁለት ወር በነፃ ላራግፍልህ፤ አንተ አንድ እሁድ ጠዋት አንድ ሰዓት ብቻ ሱቁን ለእህቴ ዝጋላት» አለው። ባለሱቁ ሳቀ፣ ቆይቶ ግን እሺ አለ። ቢያድግልኝ መስከረምንና ጥቅምትን በነፃ ተሸከመ፤ ምሳውን ጓደኞቹ እያካፈሉት።

እሁድ ጠዋት ሰው ቅዳሴ ላይ ሳለ በጓሮ በኩል ይዟት ገባ። መብራቱ ጠፍቷል፣ ድምፅ ማጉያው ተነቅሏል፣ ሻጮቹ የሉም። «እዚህ በር ላይ ነኝ፤ የፈለግሽውን ንኪ» ብሏት ጀርባውን ሰጣት። ስንዱ በተንጠለጠሉት ልብሶች መካከል ዝግ ብላ ሄደች። ጉንጯን በጥጡ ላይ አሸች። ከዚያ መዝፈን ጀመረች። ቢያድግልኝ እህቱ ስትዘፍን በሕይወቱ ሰምቶ አያውቅም፤ ዘወር እንዳይል ራሱን ያዘ። እየዘፈነች፣ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘች ሁለት ቀሚስ መረጠች። ሦስተኛውን ይዛ ቀና ስትል በሱቁ የፊት መስተዋት ላይ ከውጭ የሚያይ ፊት ተደርድሮ አየች።

ቅዳሴው አልቆ ነበር። ሱቅ ተዘግቶ ውስጡ ሴት ስትዘፍን ያየ ሰው ሁሉ ቆሟል፤ ስልኩን ያነሳም ነበር። እስከ ማታ ከተማው በሙሉ አያት። በማግስቱ ጎረምሶች ችግኝ ጣቢያው አጥር ላይ ተደግፈው ዘፈኗን ዘፈኑላት። ባለሱቁም «ሁለተኛ አታምጣብኝ፤ ሱቄን የእብድ ሱቅ አሉት» አለ። ሁለቱን ቀሚሶች ለበሰቻቸው። ሦስተኛውን አልነካችውም። መዝፈኑንም ተወች።

ሙት ዓመቱ ደረሰ። ከተዝካሩ በኋላ አራት ሽማግሌዎች ግቢው ውስጥ ተቀመጡ፤ አንደኛው የነፍስ አባታቸው ቄስ ነበሩ። ሦስቱ ተራ በተራ ቆመው ተናገሩ።

ደረሰ፣ «ገብታ መርጣ የወጣችው ከእኔ ጋር ነው። እኔ ነገ ብሞት መንገዱን ታውቀዋለች» አለ።

እናኑ፣ «የእናታችንን ሥራ የሠራሁት እኔ ነኝ። አንዲት ጠብታ ዕንባ አላስወጣኋትም» አለች።

ቢያድግልኝ፣ «ደስ ብሏት ያያት ማነው? እኔ ብቻ ነኝ። ያበላሸው የከተማው ሰው እንጂ እኔ አይደለሁም» አለ።

ቄሱ ወደ ስንዱ ዞሩ። ከሰው ራቅ ብላ፣ መሬት መሬት እያየች ተቀምጣለች። «አንቺስ ልጄ፣ ከማን ጋር ብትኖሪ ይሻልሻል?»

ስንዱ ቀና ሳትል መለሰች፤

«ከጋሼ ጋር ብሆን በየዓመቱ ገበያ አለ። ከእትዬ ጋር ብሆን እትዬ ትታመማለች፣ ከዚያ ትሞታለች። ከቢያድግልኝ ጋር ብሆን ሰው ያየኛል።»

«ብቻሽን ብትሆኚስ?»

«ብቻዬን ብሆን ልብሱ ያልቃል።»

ስሞታ አልነበረም። ችግኝ ስትቆጥር በምትናገርበት ድምፅ ነው የተናገረችው። ቀጥላም «ሌላ ጥያቄ አላችሁ?» ብላ ጠየቀች፤ ዝም ስንል ተነስታ ወደ ቤት ገባች። እናኑ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ደረሰ የገዛ እጁን አገላብጦ ያይ ነበር።

«ስንል» ማለቴን ሰማችሁ። አዎ፣ ከአራቱ ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነኝ። አንደኛው ለደረሰ ፈረደ፤ ራሷን የሚያስችላት ሰው ይሻላል ብሎ። ሁለተኛው ለእናኑ ፈረደ፤ ያላሳመመ ይሻላል ብሎ። ቄሱ ለቢያድግልኝ ፈረዱ፤ ሳይማር የስንዱ ነገር የገባው እሱ ነው ብለው። ሦስቱም እየጮሁ ወደ እኔ ዞሩ። ለእሁድ ይደር አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ደረሰም፣ እናኑም፣ ቢያድግልኝም በየተራ ቤቴ መጥተዋል። ስንዱ አልመጣችም። ተስፋ አለኝ ብዬ አልዋሻችሁም። ደረሰን ብመርጥ አልጋ ሥር ስትገባ ይታየኛል፤ እናኑን ብመርጥ እርጥቡ ቀሚስ ይታየኛል፤ ቢያድግልኝን ብመርጥ መስተዋቱ ይታየኛል። ከተማውን በሙሉ ዝም በል፣ አትጎትት፣ ዓይንህን መልስ ብዬ መፍረድ ብችል እሱን እፈርድ ነበር፤ ለዚያ ግን ሥልጣን የሰጠኝ የለም። የተሰጠኝ ከሦስት ሰዎች አንዱን መምረጥ ነው። ማንንም ብመርጥ አንድ ነገሯን ቆርጬ የምወስድባት ይመስለኛል፤ ከባዱም እሱ ነው።

ነገ እሁድ ነው። እናንተ በእኔ ቦታ ተቀመጡና ንገሩኝ፤ ከስንዱ ጋር መኖር የሚገባው ማን ነው?