የትብለጥ ቅቤና የኑርዬ በርበሬ

ሰው የያዘውን ትቶ ሌላ ሲመኝ ባየ ቁጥር አገሩ ሁሉ የሚላት አንዲት አባባል አለች። ተናጋሪዋ ብዙ ነው፤ ከየት እንደመጣች የሚያውቅ ግን ጥቂት። በእኛ በኩል የሚነገረው እንዲህ ነው።

በአንድ የቆላ ገበያ አጠገብ ትብለጥ የምትባል ባለትዳር ነበረች። ስስታም አልነበረችም፤ ቤቷ የገባ እንግዳ ሳይጠግብ አይወጣም። ነገር ግን ነጋዴ በጠራው የመጀመሪያ ዋጋ አንድም ነገር ገዝታ አታውቅም። ጨው የሚረክሰው ሲራራ ነጋዴ በገባ ማግስት፣ ሽንብራ የሚወደደው ጾም ሲቃረብ መሆኑን ጠንቅቃ ታውቃለች። ዶሮ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ትገዛለች፤ ሽንኩርት ገበያው ሲበተን። በዚህ ብልሃቷ ልጆቿን ሳይርባቸው አሳድጋ ድራለች፤ ጎረቤቶቿም «አደራ፣ ለእኛም ግዢልን» እያሉ ይልኳታል።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የመጨረሻ ልጇ አበቡ ወለደች። አማቾቿም «እናቷ ምን ይዛ ትመጣ ይሆን» እያሉ መንገድ መንገዱን ያያሉ። ትብለጥ ለአራሷ የሚሆን ቅቤ ፍለጋ ገበያ ወጣች። ጠዋት ዋጋው አልቀመስ ብሎ ነበር። ሰማዩ እስኪጠቁር ታገሠች፤ ዝናብ የፈራች አንዲት ባላገር ለጋ ቅቤዋን ከነቅሉ በርካሽ ለቀቀችላት። ትብለጥ ቅሉን በብብቷ ሸጉጣ፣ በኩታዋ ሸፍና፣ ደስ እያላት ወደ ልጇ ቤት አቀናች።

በመንገዷ ላይ የነጋዴው የኑርዬ ሱቅ አለ። ኑርዬ ወንዙ ሳይሞላ ወደ አገሩ ሊሻገር ዕቃውን ጭኖ፣ የተረፈውን ለመሸጥ በሩ ላይ ቆሞ ይጣራል።

«ቆጥ ላይ የቀረ በግማሽ ዋጋ! እኔ ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኛል፤ ወጥቶ ላወረደ በግማሽ ዋጋ!»

የትብለጥ እግር ቀጥ አለ። አንገቷን አስግጋ ስታይ ከጣሪያው ሥር በእንጨት በተረበረበው ቆጥ ላይ አንድ ስልቻ ሙሉ ዛላ በርበሬ ተቀምጧል።

«ኑርዬ፣ ያ በርበሬ ስንት ነው?»

«እቴ ትብለጥ፣ ግማሽ አልኩ እኮ።»

«የግማሹን ግማሽ በል። ይዘኸው ብትሄድ ዝናብ ያበሰብስብሃል።»

ነጋዴው ሳቀ። «እሺ፣ አውርጂና ውሰጂው። ግን መጀመሪያ የያዝሽውን አስቀምጪ።»

ልታስቀምጥ ጎንበስ ስትል ከኋላዋ ሁለት ሴቶች እየተጋፉ ገቡ፤ የአንደኛዋ ዓይን እዚያው ስልቻ ላይ ነው። ትብለጥ ቀና አለች። ቅሉን አስቀምጣ እስክትነሳ ስልቻው የሰው ሊሆን ነው። ከዓመት ዓመት የሚያደርስ በርበሬ! «ምን ችግር አለው፣ በአንድ እጄ እደርስበታለሁ» ብላ የተደፋ ሙቀጫ ላይ ወጣች።

አያ ሙሄ የሚባሉ ሽማግሌ ዝናቡን ሽሽት ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። «ልጄ፣ ክንድሽን!» አሉ።

አልሰማቻቸውም። በቀኝ እጇ ስልቻውን ሳበችው፤ ከበዳት። ወደ ጠርዙ ሲንሸራተት ላይዋ ላይ ሊወድቅ መሰላትና ሳታስበው ግራ እጇንም አነሳች።

ቅሉ መሬት ላይ ወድቆ ለሁለት ተከፈለ። ቅቤው ከአቧራና ከዶሮ ኩስ ጋር ተለወሰ፤ ደጅ ያንዣበበ ውሻም ከሰው ሁሉ ቀድሞ ደረሰ። ትብለጥ ስልቻውን ወደ ቦታው ገፍታ ወረደች። ተንበርክካ በመዳፏ ልትሰበስብ ሞከረች፤ የተረፈው ግን ለአራስ አፍ የሚሆን አልነበረም። አማቾቿ ፊት ባዶ እጇን መቆሟ ሲታሰባት ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ኑርዬ አንጀቱ አልችል አለው። «በይ፣ በርበሬውን እንዲያው ውሰጂው፤ ዋጋም አልጠይቅሽ።»

«ምን ላደርገው? አራስ በርበሬ አትልስ» አለችውና ኩታዋን አጣፍታ ዝናቡ ውስጥ ገባች።

ዘግይታ የደረሰች አንዲት ገበያተኛ ከኋላ ከኋላዋ እያየች «ምነው፣ ምን ሆና ነው?» ብላ ጠየቀች። አያ ሙሄም ራሳቸውን እየነቀነቁ እንዲህ ሲሉ መለሱላት፦ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።»