የገበያው ዳኛና የደረቀው ምንጭ

ተረት ተረት፤ አህያ ስለ ራሱ አህያነት ሲያወራ ስሙት።

የአራዊት ገበያ ዳኛ ነበርኩ። ሕጌም “ለሽያጭ የመጣን ዕቃ ማንም አይከልክል” የሚል ነበር። አንድ ቀን ስግብግቧ ጦጣ ሁላችን በምንጠጣበት ምንጭ ዙሪያ ያሉትን ዛፎች መቁረጥ ጀምራ እንጨቱን ልትሸጥ መጣች። እንቁራሪት ተከትላት መጥታ፣ “ጌታዬ፣ ጥላው ከጠፋ ምንጩ ይደርቃል፤ ይከልክሉልን” አለችኝ።

“እኔ የገበያ ዳኛ ነኝ፤ የምንጩን ነገር ለምንጭ ዳኛ ንገሪ” አልኳት። እንዲህ ያለ ዳኛ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ግን ስናገር ድምፄ ለራሴ ደስ አለኝ።

ምንጩ ደረቀ፤ አራዊቱም ወደ ሩቅ ወንዝ ተሰደዱ። እንቁራሪት ልጆቿን አዝላ ስታልፍ፣ “እርስዎ አይመጡም?” አለችኝ።

“ችሎት አለብኝ” አልኳት።

ከዚያ ወዲህ በገበያዬ ሕግ የጣሰ የለም።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በዳቦ ሳይሆን በውሃ አብሱ።