እንግዳወርቅን አልቀድም ያለው ሐኪም

ጆሮ ያለው ይስማ፣ ሆድ ያለውም ይስማ፤ ሆድ የተረፈው ደግሞ ጠጋ ብሎ ይስማ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ እንግዳወርቅ የሚባል የአውቶቡስ ሹፌር ነበረ። ሲቀመጥ ሆዱ መሪው ላይ የሚደገፍ፣ ሲስቅ የወንበሩ ብሎን የሚንጫጫ ወፍራም ሰው ነበረ። አንድ ቀን ሸኖን አለፍ እንዳለ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መሪ እንደጨበጠ እንቅልፍ ጣለው። በተሳፋሪው ጩኸት ሲባንን አውቶቡሱ ከመንገድ ወጥቶ ገብስ ማሳ ውስጥ ቆሟል። እግዜር ይመስገን፣ ማንም አልተጎዳም። እንግዳወርቅ ግን ቁልፉን ለባለንብረቱ መለሰና ከዚያ ወዲያ መሪ አልነካም።

ሐኪሞች መረመሩት። ተኝቶ ትንፋሹ እየተቆረጠ እንቅልፉ ሳያሳርፈው እንደሚያነጋ፣ ቀን የሚጥለውም ይኸው እንደሆነ፣ የሁሉም ምክንያት ውፍረቱ እንደሆነ ነገሩት። ከዚያ በኋላ እንግዳወርቅ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ጨጓራው በኦፕራሲዮን እንዲያንስለት።

አዲስ አበባ ወርዶ ቀዶ ሐኪሙን ዶክተር ኅሩይን ለመነ። ሐኪሙም ጨጓራውን ቆርጦ እንደ ሙዝ ቀጭን ሊያደርግለት እንደሚችል፣ ነገር ግን የማደንዘዣ ሐኪሟ ካላስተኛችለት ቢላዋ እንደማያነሳ ነገረው።

ሐኪሙ አልቀድም አለ።

እንግዳወርቅ ወደ ማደንዘዣ ሐኪሟ ወደ ዶክተር ፋናዬ ሄደ። አፉን አስከፍታ አየች፣ አንገቱን በሜትር ለካች፣ ሜትሩን ጠቅልላ ራሷን ነቀነቀች።

«ማስተኛቱስ ቀላል ነው» አለችው። «እኔ የምፈራው መቀስቀሱን ነው።»

ትንፋሹ ይጥራ፣ ትንፋሹ እንዲጠራ አንገቱ ይቅጠን፣ አንገቱ እንዲቀጥን አሥር ኪሎ አራግፎ ይምጣ ብላ ሸኘችው።

ሐኪሙ አልቀድም አለ፣ አስተኚዋ አላስተኛም አለች፣ ትንፋሽ አልጠራም አለ፣ አንገት አልቀጥንም አለ።

ቤቱ ገባና ሚስቱን ስንዱን አማከራት፤ ነገሩንም ለሰው ትንፍሽ እንዳትል አስማላት። «ሆዱን መግዛት አቅቶት በቢላዋ አስቀነሰው» መባልን ከሞት አብልጦ ይፈራ ነበር። ስንዱ ምላ ሥራ ጀመረች። ዘይቱን ቀነሰች፣ እንጀራውን ከግማሽ በታች አደረገች፣ ጎመንና ምስር አበዛች። እንግዳወርቅ በየማለዳው የሰፈሩን ዳገት እያለከለከ ወጣ። ቀበቶው አንድ ቀዳዳ ገባለት። ደስ አለው፤ ደስ ስላለውም እራበው።

እዚያው ግቢ ውስጥ ደግሞ ያሳደጉት አክስቱ እቴቴ የሺመቤት ይኖራሉ። እናቱ የሞተችው በክፉው ቀን፣ በድርቁ ዘመን ነው። እቴቴ ያን ጊዜ ቆሎ ከራሳቸው አፍ ነጥቀው ነው ያሳደጉት። ስለዚህ እንግዳወርቅ በደጃቸው ባለፈ ቁጥር እጃቸው ጉርሻ ይዞ ይወጣል።

«አፈር ስሆን!» ይላሉ። አክስት አፈር ስሆን እያለች የማን አፍ ተዘግቶ ይቀራል? አንዱ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው ይከተላል፤ ሁለት ብቻውን ደስ አይልም ተብሎ ሦስተኛው ይጨመራል። ያም ሁሉ በቅቤ ነው።

ቀጠሮው ደርሶ ሚዛን ላይ ሲወጣ ጭራሽ ሁለት ኪሎ ጨምሯል። ሚዛኑ ተበላሽቷል ብሎ ተከራከረ። ዶክተር ፋናዬ ራሷ ወጣችበት፤ ሚዛኑ ደህና ነበር።

ሐኪሙ አልቀድም አለ፣ አስተኚዋ አላስተኛም አለች፣ ትንፋሽ አልጠራም አለ፣ አንገት አልቀጥንም አለ፣ አፍ አልዘጋም አለ።

እንግዳወርቅ እቴቴ ዘንድ ሄዶ፣ ምክንያቱን ሳይናገር፣ ጉርሻው ይቅርብኝ ብሎ ለመነ። እቴቴ ተቆጡ። ጎረቤቷ ብርቄ «ስንዱ ባሏን በጎመን ገደለችው፣ ፊቱ ጠቁሯል» እያለች ለሰፈሩ ሁሉ ማውራቷን፣ እሳቸውም የሥጋ ዘመዳቸው ከስቶ ሲያልቅ እጃቸውን አጣጥፈው እንደማያዩ ነገሩት። የብርቄ ምላስ ሳያርፍ እጃቸው አያርፍም።

ስንዱ ይህን ሰምታ ነጠላዋን አጣፍታ ብርቄ ዘንድ ሄደች። ብርቄም ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ዝም ማለት ብቻ ነው የማትችለው። «እንግዲያው ምን ሆኖ ነው የማይበላው? እውነቱን ንገሪኝና ልተወው» አለቻት። ስንዱ መሐላው ትዝ አላትና አንድም ቃል ሳትመልስ ተመለሰች። ብርቄም በዚህ ዝምታ ላይ የራሷን ጨማምራ ማውራቷን ቀጠለች።

ሐኪሙ አልቀድም አለ፣ አስተኚዋ አላስተኛም አለች፣ ትንፋሽ አልጠራም አለ፣ አንገት አልቀጥንም አለ፣ አፍ አልዘጋም አለ፣ የእቴቴ እጅ አላርፍም አለ፣ የብርቄ ምላስ አላርፍም አለ፣ የስንዱ አፍ አልከፈትም አለ።

እንግዳወርቅ ስንዱን ለመናት፤ ለብርቄ ሌላ ምክንያት ፈልጊላት አላት። ስንዱ የምትከትፈውን ጎመን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችው።

«በሰፈሩ ስሜ ጠፋ» አለችው። «ባሏን በረሃብ የምትገድል ተባልኩ። ያስማልከኝ አንተ ነህ፤ የምትፈታኝም አንተ ነህ።»

እንግዳወርቅ ከዚህ ወዲያ የሚለምነው ሰው አጣ።

እሑድ የእድር ስብሰባ ነበር። ስለ ድንኳኑ መቀደድ፣ ስለ ወንበሮቹ መጥፋት ተወራና ሊበተኑ ሲሉ እንግዳወርቅ ተነሣ። ላብ አጠመቀው። መጀመሪያ ስለ ድንኳኑ የሚናገር መስሏቸው ነበር።

«ሚስቴ አልነፈገችኝም» አለ። «ጨጓራዬን በኦፕራሲዮን ላስቀንስ ነው። መሪ ይዤ እንቅልፍ ጥሎኝ ሰው ልጨርስ ነበር። ካልቀነስኩ አያስተኙኝም። ስለዚህ የምትወዱኝ ከሆነ አታጉርሱኝ።»

የሳቀ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ብቻ፣ ጆሯቸው ስለከበደ፣ ድንኳኑን ማን ያሰፋዋል ብለው ጠየቁ።

እቴቴ ከሴቶቹ መካከል ተነሥተው እየተመረኮዙ አጠገቡ መጡ።

«እስከዛሬ ያልነገርከኝ» አሉት፣ «በእጄ አጉርሼ እንድቀብርህ ነው?»

እንግዳወርቅ እንደ ልጅ አለቀሰ። እቴቴም አለቀሱ። ብርቄ ግን ለማልቀስም ጊዜ አልነበራትም፤ ከሁሉ ቀድማ ወጥታ እንግዳወርቅን ያጎረሰ ከእሷ ጋር እንደሚጣላ ለሰፈሩ ስትናገር ዋለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሠርግ ቤት አሳላፊ ሳይቀር ሳህኑን አሻግሮ ያልፈው ጀመር።

እንግዳወርቅ ሲናገር ስንዱ ከመሐላዋ ተፈታች፣ ስንዱ ስትፈታ የብርቄ ሐሜት አረፈ፣ ሐሜቱ ሲያርፍ የእቴቴ እጅ አረፈ፣ እጃቸው ሲያርፍ አፉ ተዘጋ፣ አፉ ሲዘጋ አንገቱ ቀጠነ፣ አንገቱ ሲቀጥን ትንፋሹ ጠራ፤

አስተኚዋም ልታስተኛው ሆነ፣ ሐኪሙም ሊቀድ ሆነ፤ በዚያው ሳምንት እንግዳወርቅን ጉንፋን ያዘው።

እንዲህ እያሳለው እንደማታስተኛው ዶክተር ፋናዬ ነግራ መለሰችው። በዚያ ሁሉ መንገድ ያልተማረረ ሰው፣ አውቶቡስ ውስጥ ከስንዱ አጠገብ በመስኮት በኩል ተቀምጦ ወደ ቤቱ ሲመለስ ተስፋ ቆረጠ። ሰንዳፋ ላይ መንገደኛው ምሳ ሊበላ ሲወርድ የጥብሱ ሽታ ገባ። ተነሥቶ እስከ በሩ ሄደ። ስንዱ አልከለከለችውም፤ እሱ የተነሣበትን ወንበር በእጇ መታ መታ አደረገችው ብቻ። ተመልሶ ተቀመጠ።

ሳሉ ለቀቀው። ሳሉ ሲለቀው አስተኚዋ አስተኛችው፣ አስተኚዋ ስታስተኛው ሐኪሙ ቀደደው፣ ሐኪሙ ሲጨርስ ዶክተር ፋናዬ ጉንጩን እየነካካች ስሙን ጠራችው፤ እንግዳወርቅም ዓይኑን ገለጠ።

ሾርባ በተፈቀደለት ቀን ልመግበው ያሉት እቴቴ ናቸው። የሆስፒታሉን ማንኪያ ተጠራጥረው አገላብጠው አዩት፤ ትንሽ ነበር። አንድ ሰጡት፣ ዋጠ። ቆይተው ሁለተኛ ሰጡት፣ ዋጠ። ሦስተኛውን ሲያነሡ እጃቸውን ያዘ።

«እቴቴ፣ ጠገብኩ።»

ስንዱ «አፈር ስሆን» ይሉታል ብላ ጠበቀች። እቴቴ ግን ማንኪያውን አስቀመጡ።

«በዚያ በክፉው ቀን» አሉ ቀስ ብለው፣ «ይህችን ቃል ካንተ ለመስማት ነበር የምለፋው። አንድ ቀን እንኳ ብለኸኝ አታውቅም።»

የተረፈውን ሾርባ ራሳቸው ጠጡት፤ ጨው ያንሰዋል አሉ።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን ግን በዳቦ አታብሱት፣ ሁለት ማንኪያ ይበቃዋል።