ስምንት ሰዓት በማን አቆጣጠር?

አንድ ወይዘሮ ትደነቅ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው የመንገድ ልብስ ሲሰፉ ኖረው፣ እርሳቸው ግን ብቻቸውን ከከተማቸው ወጥተው አያውቁም። መጀመሪያ አባታቸው፣ ቀጥሎ ባላቸው፣ በኋላም ልጆቻቸው ነበሩ ይዘዋቸው የሚሄዱት። ስልሳ ስምንት ዓመት ሲሞላቸው ግን ቆረጡ፤ ብቻቸውን በባቡር ተሳፍረው አዳማንና ድሬዳዋን ሊያዩ፣ ከዚያም በመኪና ሐረር ሊገቡ።

ጨርቅ ሳይለኩ የማይቆርጡ ሴት ናቸውና መንገዱንም ለኩት። የት እንደሚያድሩ፣ ስንት ቀን እንደሚቆዩ፣ የሐረርን ግንብ በየትኛው በር ገብተው በየትኛው እንደሚወጡ ሁሉ በደብተር ጻፉ።

የበኩር ልጃቸው ይርዳው ይህን ሲሰማ ተቆጣ።

“እማዬ፣ ሰው ምን ይለናል? እናታቸው በስተርጅና ጥላቸው ኮበለለች ነው የሚለው።”

“መኮብለል ቢሆንማ ላንተ እነግርህ ነበር?” አሉት።

ይርዳው ሳይወድ ሳቀ። “እሺ፣ ሂጂ። ግን ገና ከጅምሩ አንድ ነገር ከተበላሸ ነገሩ በዚያው ያበቃል፤ ዳግመኛም አይነሳም።”

ወይዘሮ ትደነቅ ደብተራቸውን ዘግተው ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። ልጃቸው ይህን እንደ እሺታ ቆጠረው።

ወይዘሮ ትደነቅ የቆረጡት የባቡር ቲኬት ላይ 8፡00 ይላል። ይርዳው ተቀብሎ ሁለት ጊዜ አነበበው። በጉዞው ቀንም ከቀትር በኋላ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ እናቱን በመኪናው ባቡር ጣቢያ አደረሰ። ጣቢያው ጭር ብሏል፤ በሩ ላይ ከአንድ ጥበቃ በቀር ሰው አይታይም።

“እማማ፣ ባቡሩኮ ጠዋት በሁለት ሰዓት ሄዷል” አላቸው ጥበቃው። “የቲኬቱ ስምንት ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ይሄኔ አዳማን ካለፈ ቆይቷል።”

ይርዳው ሻንጣውን አንስቶ ወደ መኪናው መለሰው። “ይኸው! አላልኩሽም? በዚህ ዕድሜ ብቻሽን መንገድ አይሆንም። በይ ግቢ፤ ነገሩ አበቃ።”

ወይዘሮ ትደነቅ ወደ መኪናው ተጠጉ። ‘ልክ ሳይሆን አይቀርም፤ ሰዓት እንኳ ለይቼ ያላወቅሁ ሴት ሐረር ድረስ ምን ልሆን ነው?’ እያሉ የመኪናውን በር ያዙ። ግን አልከፈቱትም።

“ይርዳው፣ ቲኬቱን አንተም አንብበኸው ነበር አይደል?”

“አዎ።”

“ስንት ጊዜ?”

“ሁለቴ። ይሄማ ማንም ይሳሳተዋል፣ እማዬ።”

“አየህ፣ አንተ ስትሳሳት ‘ማንም ይሳሳታል’ ነው፤ እኔ ስሳሳት ‘በዚህ ዕድሜ’። የተሳሳትነው ሁለታችን፣ የምቀረው እኔ ብቻዬን! አንተስ በዚህ ስሕተት ነገ ከሥራ ትቀራለህ?”

ጥበቃው ሳቁን ሊውጥ ፊቱን ወደ ሐዲዱ አዞረ። ይርዳው ሻንጣውን ከመኪናው መልሶ አወረደ። ከዚያም “የቲኬቱ መስኮት በየት በኩል ነው?” ሲል ጥበቃውን ጠየቀ።

በመስኮቱ ቲኬት ቆራጩን ያነጋገሩት ግን ወይዘሮ ትደነቅ ነበሩ። “ልጄ፣ ጠዋት ነው ከሰዓት? በእኛ ነው በፈረንጅ?” ብለው አጣርተው ቆረጡ። በሚቀጥለው ባቡር፣ ጠዋት በሁለት ሰዓት፣ በመስኮት በኩል ቦታቸውን ይዘው ሄዱ። በስድስተኛው ቀን የሐረርን ግንብ በአንዱ በር ገብተው፣ ጠባቡን መንገድ ሰው እየጠየቁ ዞረው፣ በሌላው በር ወጡ። ማንም አልመራቸውም። በሩ ላይ ቆመው ብቻቸውን እልል አሉ፤ አላፊ አግዳሚው የማን ሠርግ ነው ብሎ ዞሮ እስኪያይ ድረስ።

ወጣት ሲሳሳት “ተማረ” እንላለን፤ አረጋዊ ያንኑ ሲሳሳት “በቃው” እንላለን። ስሕተቱ ግን አንድ ነው። ባቡር ያመለጠው ሰው ቢያንስ ሰዓቱን ያውቃል፤ ከቤቱ ያልተነሳ ግን ባቡሩ መሄዱንም አያውቅም።

እርስዎስ በአንድ ስሕተት ምክንያት “በቃህ” ያሉት ሰው ይኖር ይሆን? ያ ሰውስ እርስዎ ራስዎ ቢሆኑ?