የቢምረው ደምና የወንዝ ዳሯ ማሳ

በአንድ ወቅት፣ የነሐሴ ጎርፍ የፎገራን ሜዳ ባሕር ባስመሰለበት ዓመት፣ ቢምረው የሚባሉ የሩዝ ገበሬ ከአረም ደቦ መልስ ጉሮሯቸው በውሃ ጥም ነዶ ወደ ማሳው ጎጆ ገቡ። ከምሰሶው ላይ ጠቆር ያለ ፈሳሽ የያዘ ሃይላንድ ተንጠልጥሏል። የደቦ ጠላ በሃይላንድ መላክ ያገሩ ልማድ ነውና ሁለቴ ተጎነጩለት፤ ሦስተኛውን ተፉት።

«ምን ዓይነቷ ናት፣ ጠላ በናፍጣ ጀሪካን የምትጠምቅ!»

ጀንበር ሳታዘቀዝቅ ከንፈራቸውና ጥፍራቸው ሰማያዊ ሆነ። ትንፋሽ ሲያጥራቸው፣ «ያዳነኝ ልጅ የወንዝ ዳሯን ማሳ ይውረሳት» ብለው ማሉ።

መንገዱን ጎርፍ ቆርጦታል። ስማቸው የሚባለው ታናሹ ልጃቸው ታንኳውን አወጣ። ጎረቤቶች «ሞገዱ ይበላሃል!» ቢሉት፣ «እኔን ሳይበላ አባቴን አይነካም» ብሎ መዳፉ እስኪላጥ ቀዝፎ ሆስፒታል አደረሳቸው።

ሐኪሙ የቀዳው ደም እንደ ቡና አተላ ጠቁሮ ወጣ። ኦክስጅን ቢሰካላቸውም ከንፈራቸው አልቀላ አለ። አብሮ ተሳፍሮ ታንኳው ላይ ቃል ያልተነፈሰው በኵሩ እንየው ያን ጊዜ አመድ መስሎ ቀረበ።

«የአረም መድኃኒት ነው የጠጡት። ከጎረቤት ተካፍዬ ሃይላንድ ውስጥ የገለበጥሁት እኔ ነኝ።» የመድኃኒቱንም ስም ተናገረ።

«ደማቸው አየር መሸከም ያቃተው ለካ ለዚህ ነው!» አለ ሐኪሙ፤ ማርከሻ የሆነውን ሰማያዊ መድኃኒት በደም ሥራቸው ሰደደ፤ ከንፈራቸው ቀላ።

በሦስተኛው ቀን ግን የተመረዘው ደም በውስጣቸው እየፈረሰ ዓይናቸው ቢጫ ሆነ። ደም የሚለግስ ሲጠየቅ ዘመድ መርፌ ፈርቶ ወደ በሩ ሲያፈገፍግ፣ ሴት ልጃቸው ባንቺአየሁ ክንዷን ዘረጋች። «ቅዱ፤ ድሮስ የእሳቸው አይደል?»

ቢምረው ዳኑ። ዕረፍት ግን አላገኙም።

«ባልቀዝፍ ሐኪሙ የሚቀበለው ሬሳ ነበር» አለ ስማቸው።

«ባልናገር ከሐኪሙም እጅ ሬሳ ትወስድ ነበር» አለ እንየው።

«አንተማ ዝም በል! ቤት አቃጥሎ ውሃ አቀባይ!» አለች ባንቺአየሁ፤ «አባዬ፣ ደሜ በሥርዎ እየሮጠ ማሳዋን ለማን ሊሰጡ ነው?»

ቢምረው መደቡን በቡጢ መቱ። ሞት እንኳ እንዲህ አላደከማቸውም። እንየው ታንኳ ላይ የዋጠው ያ ቃል! ደግሞስ ያ ቃል ባይወጣ? ማሳዋን ለሦስት እንዳይከፍሏት፣ በሬ አታዞርም። መሐላቸውን እንዳያጥፉ፣ እግዜር ሰምቷል። ይኸው እነርሱ ሲነታረኩ ማሳዋን አረም እየወረሳት ነው።

እናንተ ሰሚዎች፣ እስቲ ፍረዱ፦ ማሳዋ የምትገባው ለማን ነው? ለቀዘፈው፣ ደሟን ለሰጠችው፣ ወይስ መርዙንም መዳኛውንም ላመጣው?